ስሙን ጥሪ

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማታ ስገሰግስ፣
አውቶቡሱ ሽቅብ ሲያዘግም ቀርሜሎስ፣
ጉልበቴ ላይ ደብተር፣ ደብተሩ ላይ ካርዶች፣
ካርዶቹ ላይ ደግሞ በላቲን ቅጠሎች።
ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ጸሎት መስሎት ኖሮ
ጎኔ ያለው ወታደር አንገቱን አቀርቅሮ
የስልኩን ዘፈን ዝም አሰኘው።
ጸሎት አይደለም ልጄ፤ የዛሬ ፈተና ነው።

አባቴ መድኃኒተኛ ነበር፣ አምቦበር።
ሌሊት ይነሣና፣ ከሰው ሳይነጋገር፣
ጥላው ሳያርፍበት፣ ወፍ ሳይንጫጫበት፣
በግራ እጁ ቀንጥሶ ኩታው ሥር ሲከት፣
"ምንድን ነው?" አልኩት አንድ ቀን ተከትዬ።
አልተቆጣም። "ስሙን ከጠሩት፣ እናትዬ፣
ኃይሉ ይሸሻል።"
ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም።

ሱዳን፣ ድንኳን ሥር፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠው፣
አሸዋው አንድ እንኳ የሚያውቀው ቅጠል አልሰጠው።
አፈር ሲገባ ቃሉም አብሮት ተቀበረ፤
ለእኔ የተረፈኝ የአንድ ቅጠል ጀርባ ነበረ፣
ጸጉራም፣ ግራጫ።

እዚህ ሐይፋ ደግሞ መምህሬ ኦርና
በእርሳስ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ታደርግና
"ስሙን ጥሪ!" ትላለች። "ዘሩን፣ ቤተሰቡን፣
የሚጠጣበትን ልክ፣ የማይጣጣመውን።
ስሙን የማታውቂውን ለሰው አታጠጪ።"
ቀን የሽማግሌ ቤት አንሶላ ቀይሬ፣
ማታ የልጄን መነጽር ተበድሬ፣
በአርባ ስምንት ዓመቴ ጉበት እስላለሁ፣
ኩላሊት እስላለሁ፣
የትኛው ሥር የቱን ኪኒን እንደሚገፋ፣
የትኛው ቅጠል ከልኩ ሲያልፍ እንደሚከፋ።

አንድ ቀን ፍሬ መጣ፣ ቢጫ፣ ጠጠር መሳይ፣
በትንሽ ብልቃጥ ከጠረጴዛው ላይ።
"ሒልቤ!" አለች ሪም፣ የዋዲ ኒስናሷ፣
በትሪ የምትጋግረው እናቷ ለእሷ።
"አብሽ" አልኩኝ እኔ።
"ትሪጎኔላ" ብላ ጻፈች ኦርና።
ሦስታችን አሸተትን፤ ሽታው አንድ ሆነና
ሳቅን።

እኔም ሦስት ስም አለኝ።
እናቴ ይታይሽ፤ መቀበያ ጣቢያው ያለችው ጸሐፊ
"ይሄ አይጻፍም" ብላ፣ ኢላና፣ ዛፍ ማለት፤
ፈተና ወረቀት ላይ ቁጥር አርባ ሁለት።

ነጭ ጋዋን ለብሼ የተቀበልኳቸው
የመጀመሪያው ሰው፣ ቂርያት ያም ነው ቤታቸው፣
አባ ጎሹ። ሁለት ጊዜ ወደቁ በሳምንት፣
አንዴ ጸሎት ቤት ደጅ፣ አንዴ ከቤት።
ስኳር አለባቸው። ኪኒናቸው በከረጢት፣
በሰዓቱ ተውጧል፣ ሳይጎድል አንዲት።
ቅጹ ላይ ተራ አምስት፦ "ሌላ የሚወስዱት?"
"ምንም" አሉኝ፣ ጣራ እያዩ። "ምንም ልጄ።"
ኦርና ከጥግ ሰዓቷን አየች። ልጽፍ ስል ቆመ እጄ፤
ከኮታቸው እጀታ፣ ከላባቸው ጋራ፣
ያ የብልቃጡ ሽታ መጣ፣ እኔን ሊጣራ።

እስክሪብቶዬን ከደንኩ።
"አባ፣ ያ እንግዳዎ እንዴት ሰነበተ?
ሌሊት ዋኝቶ አድሮ፣ ጠዋት ሆድዎ የከተተ?"

ሳቁ። ጆሮዬን ወደ አፋቸው ሳቡና፣
"ሁለት ጭልፋ፣ በባዶ ሆድ። አደራሽን፣
ስሙን ከጠሩት ኃይሉ ይሸሻል።"

አባቴ፣ በሌላ ሰው ትንፋሽ።

"አልሸሸም" አልኳቸው። "አልሸሸም፣ አባባ፤
ኃይሉ ነው የጣለዎ፣ ከኪኒኑ ተጋባ።"
ለሐኪማቸው ጻፍኩ። አብሹን አስቆምኩ።
ስኳርዎ ይለካ አልኩ። ሌላ አላዘዝኩ፣
ቅጠልም፣ ጠብታም፣ ሥርም።
በር ላይ ዘወር አሉ፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፦
"መድኃኒት የማትሰጥ መድኃኒተኛ!" ብለው።
ኦርና ተራ አምስትን በቀይ አሰመረች።
ምንም አላመሰገነችም። "ሻይ?" ብቻ አለች።

የመመለሻው መንገድ ቁልቁል ነው፣ ይፈጥናል፤
የአውቶቡሱ መብራት ይንቀጠቀጣል።
አንድ ንጹሕ ካርድ አወጣሁ።
"ስም፦" ብዬ ዘለልኩት።
ቤተሰብ፦ አልታወቀም። ልክ፦ እፍኝ፣ በግራ እጅ።
የማይጣጣመው፦ ጥላ፣ ወሬ፣ የሰው ደጅ።
ምልክት፦ ጀርባው ጸጉራም።
ምንጭ፦ አባቴ።
ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኩት።